አሰልጣኞቹ የኖሩባት የጓሮ ክፍል

ልጆቹ ናቸው ንገሪን ያሉኝ። ቴሌቪዥኑ ፊት ተደርድረው የውጭ አገር ኳስ ሲያዩ አንድ አሰልጣኝ ተባረረ ተባለና ቤቱ በጫጫታ ተናጋ። እኔም ከጥጌ ሆኜ፣ «ይኼ ሁሉ ጩኸት ለአንድ ሰው መሰናበት ነው? በእኛ ጊዜ እኮ አሰልጣኝ የሚሰናበተው በማለዳ፣ በነጭ ጋቢ፣ በለሆሳስ ነበር» ብል ሁሉም ዞረው አዩኝ።

«እቴቴ፣ አንቺ ደግሞ ስለ ኳስ ምን ታውቂያለሽ?» አለኝ አንዱ።

ምን አውቃለሁ! የሰፈራችን ቡድን አሰልጣኞች ያደሩት እኛ ጓሮ ነው። የትኛው እንደሚያንኮራፋ፣ የትኛው ሽንኩርት እንደማይወድ፣ የትኛው የተሸነፈ ቀን ጫማውን ሳያወልቅ እንደሚተኛ እኔን ጠይቁኝ። «እንግዲያው ጻፊልን» አሉ። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥሁም። ፊደል የቆጠርሁት ልጆቼን ከዳርሁ በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። ስለዚህ ወዲያ ወዲህ ስል ታገሡኝ፤ እግሬም እጄም መንገድ መሳት ይወዳሉ።

ቤታችን ከጊዮርጊስ ወረድ ብሎ ነበር። በመንገዱ በኩል የአባቴ ልብስ ስፌት ሱቅ አለ፤ ከሱቁ ኋላ እኛ የምንኖርበት ቤት፣ ከዚያ የኮክ ዛፍ፣ ከኮኩ ሥር ደግሞ አንዲት የጓሮ ክፍል። ጣሪያዋ ቆርቆሮ ስለሆነ ዝናብ ሲጥል ውስጧ ያለ ሰው የራሱንም ወሬ አይሰማም። ጠላት ወጥቶ አገር ሲረጋጋ የአራዳ ልጅ ሁሉ ኳስ ኳስ አለና፣ የሰፈሩ ነጋዴዎች ተሰብስበው ቡድን አቋቋሙ። ማልያውን አባቴ እንዲሰፋ ተነጋገሩ። ቀጥሎ አሰልጣኙ የት ይደር ሲባል፣ «ማልያው ካለበት ይደር» ተባለና ያቺ ክፍል ተሰጠች።

አባቴ ኳስ የሚባል ነገር አይገባውም ነበር። «ጎልማሳ ሁሉ አንዲት ነገር ሲሻማ ይውልና፣ ሲያበቃ እዚያው ሜዳ ላይ ጥሏት ይሄዳል። ካልፈለጋት ለምን ተሻማባት?» ይላል። ማልያ ግን በደንብ ይሰፋ ነበር። የመጀመሪያውን ማልያ ቀይ ቀለም ነክራ ያቀለመችው እናቴ ናት። ጃንሜዳ ሊጫወቱ በሄዱበት ቀን ዶፍ ወረደና ቀለሙ ለቀቀ። ልጆቹ ከአንገታቸው እስከ ካልሲያቸው ቀልተው ሲሮጡ፣ የወዲያኛው ሰፈር ደጋፊዎች «ኧረ ቡድኑ ታረደ! ቄስ ጥሩ!» እያሉ መሬት ላይ ተንከባለሉ። እናቴ ከዚያ ወዲህ በጨው ሳትዘፈዝፍ ማልያ ከቤት አላወጣችም።

አሁን ስለ ማሰናበቱ ልንገራችሁ፤ የነገሬ ሥሩ እሱ ነው። በሰፈራችን ሰውን ፊት ለፊት «ሂድ» ማለት ነውር ነበር። የቡድኑ ሹማምንት ደግሞ ሁሉም ይሉኝታ ያሰራቸው ሰዎች ናቸው። ታዲያ ምን አደረጉ መሰላችሁ? የመርዶን ወግ ተዋሱ። አሰልጣኙ አልሆነም ሲባል ሦስት ሽማግሌዎች በማለዳ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ይመጡና ከክፍሉ ደጅ ይቆማሉ። ተቀመጡ ቢሏቸው አይቀመጡም፤ ቅመሱ ቢሏቸው አይቀምሱም። ትልቁ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ይጠራርጉና «ልጄ፣ ኳስ ድቡልቡል ናት» ይላሉ። በቃ። ይህን የሰማ አሰልጣኝ ገብቶ ሻንጣውን ማሰር ነው።

ትልቁ ሽማግሌ የጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። የማልያውን አቡጀዲ ለአባቴ የሚያመጡት እሳቸው ናቸው፤ ከጉራጌ አገር በልጅነታቸው በእግራቸው መጥተው አራዳ ላይ የከበሩ ሰው። ሁለተኛው የጊዮርጊስ መሪጌታ ነበሩ። ሦስተኛው የኬክ ቤት ባለቤት ነው፤ ከሁለቱ በዕድሜ ያንሳል፣ በቁጣ ይበልጣል። ቡድኑ ሲሸነፍ ኬክ ቤቱን ዘግቶ ይተኛ ነበር።

የመጀመሪያው አሰልጣኝ ከጣሊያን የቀረ መካኒክ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ «ሙሴ» ይለዋል። ቀን ጋራዥ ይውላል፣ ማታ ልጆቹን ያሰለጥናል። አማርኛው እንደ መኪናው በግፊያ የሚነሣ ነበር። እናቴን «አንተ ሴትዮ፣ ውሃ ሙቅ አለህ?» ሲላት በሳቅ ትሞታለች። ልጆቹ ኳስ ይዘው ሲከንፉ «ፒያኖ! ፒያኖ!»፣ ቀስ በሉ ማለቱ ነው፣ እያለ ጃንሜዳን ያስተጋባዋል። መልካም ሰው ነበር፤ ግን ቡድኑ ፒያኖ ፒያኖ ሲል ሌላው አግብቶ ይመለሳል። እና አንድ ማለዳ ሽማግሌዎቹ መጡ።

ሙሴ ወጉን ከየት ይወቀው? እንግዳ መጣልኝ ብሎ ደስ አለው። ወንበር አወጣ። አንቀመጥም ሲሉት ያፈሩ መስሎት ትከሻቸውን ይዞ አስቀመጣቸው። ፓስታ በሥጋ ሠርቶ አቀረበ፤ ቀኑ ደግሞ ረቡዕ! መሪጌታው ሳህኑን እንደ እባብ ያዩታል። ትልቁ ሽማግሌ «ኳስ ድቡልቡል ናት» ሲሉት ሙሴ ተነሥቶ አቀፋቸው። «ብራቮ! ድቡልቡል! በጣም ድቡልቡል!» አላቸው። ሦስቱም አንገታቸውን ደፍተው ተመለሱ። ሰውዬው ሳያውቀው ተሰናብቶ፣ ሳያውቀው ተመልሶ፣ ክረምቱ እስኪገባ ሠራ። በኋላ አስተርጓሚ ይዘው መጡና ሲገባው አለቀሰ። ሲሄድ ለእናቴ መጥበሻውን ሰጣት። መጥበሻው እናቴን ቀብሮ እኔ ዘንድ ደርሷል።

ሁለተኛው ሃምሳ አለቃ ነበር፤ ከጦሩ በጡረታ የወጣ። ጎህ ሳይቀድ ልጆቹን እንጦጦ ያስሮጣል፤ ሲመለሱ ያሰልፋል፤ ሲሰለፉ መሣቅ ክልክል ነው። የአራዳን ልጅ አትሣቅ ማለት ዶሮን አትጫሪ እንደማለት ነው። በረኛው፣ «ሃምሳ አለቃ፣ ጎል ሲገባብኝ ሰላምታ ልስጠው ወይስ ልያዘው?» ብሎት ከዚያ ቀን ጀምሮ ብቻውን ተጨማሪ ዙር ይሮጥ ነበር። ሃምሳ አለቃው ሲሸነፍ ነፋሱን ይረግማል። ሽማግሌዎቹ የመጡ ቀን ግን ገና ከበሩ ሲያያቸው ገባው። ቀጥ ብሎ ቆሞ ሰላምታ ሰጣቸው፤ «ኳስ» የምትለው ቃል እንኳን ሳትወጣ ጓዙን ተሸክሞ ወጣ። እናቴ፣ «መርዶም እንዲህ ከተቀበሉት ያምርበታል» አለች።

ሦስተኛው ከድሬዳዋ በባቡር መጣ። ወጣት ነው። ራሱ ተጫዋች ሳለ ጉልበቱን ተመትቶ ያነክስ ነበር። በዚህ ከተማ አጎት የለው፣ አክስት የለው። ድምፁ ዝግ ያለ ነው፤ የተቆጣ ቀን እንኳን ጎረቤት አይሰማውም። አባቴን «ጋሼ»፣ እናቴን «እትዬ» ይላል። እኔን ምንም አይለኝም ነበር፤ ሲያየኝ ወደ ኮኩ ዛፍ ይመለከታል። የኮክ ወራት አልፎም ይመለከት ነበር።

ይህ ሰው አባቴን አንድ ነገር ለመነው። «ጋሼ፣ የልብስ ቁልፎች ቢያውሱኝ?» አባቴ የቁልፍ ሣጥኑን ሰጠው። እሱም ማታ ማታ ተጫዋቾቹን ሱቁ ውስጥ ይሰበስብና መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ቁልፎቹን ይደረድራል። ነጮቹ እኛ ነን፣ ቡናማዎቹ እነሱ ናቸው፣ ትልቁ ጥቁር የካፖርት ቁልፍ በረኛው ነው። «አንተ እዚህ ቆመህ ስታይ፣ እሱ በዚህ ይመጣል» እያለ በጣቱ ይገፋቸዋል። ልጆቹ መጀመሪያ ሣቁ፤ በኋላ አጎንብሰው ማየት ጀመሩ።

ሲሄዱ ቁልፎቹን መልሶ መልቀም የእኔ ሥራ ነው። እሱም ያግዘኝ ጀመር። አንድ ማታ ጥቁሩን ቁልፍ አንሥቼ ከሜዳው መሃል አስቀመጥሁት።

«በረኛውን ምነው ከጎሉ አወጣሽው?» አለኝ። የመጀመሪያ ንግግሩ ይኼ ነበር።

«ብቻውን ቆሞ አሳዘነኝ። ከጓደኞቹ ይቀላቀል።»

ሣቀ። «እሱ ከተቀላቀለ እኔ እባረራለሁ» አለ። ቁልፉን ግን እስከማግሥቱ ከዚያው አላነሣውም። እንዲህ እንዲህ እያልን ነገሩ ሥር ሰደደ። ትልቁ ሽማግሌ ያኔ አባቴ ዘንድ ሱሪ እያሰፉ ነበርና ለልክ ሲመጡ ጠረጴዛው ላይ አጎንብሰን ያዩን ነበር። አንድም ቀን ቃል አልተነፈሱም።

አባቴ ግን በዚህ ጉዳይ አቋሙ የታወቀ ነው። ለትልቋ እህቴ ከአፍንጮ በር የመጣውን ጠያቂ የመለሰው «ሥራ ለሌለው ሰው ልጅ አልሰጥም» ብሎ ነው። እህቴ ቆይታ ሌላ አገባች፤ ቃሉ ግን ቤታችን ውስጥ እንደ ሕግ ቀረ። ስለዚህ ያ ልጅ አንድ ቀን እንዲህ አለኝ፦ «የፊታችን እሑድ ጨዋታ ካሸነፍን ሽማግሌ ፈልጌ አባትሽ ዘንድ እልካለሁ። ከተሸነፍን ግን ሽማግሌዎቹ የሚመጡት ወደ እኔ ነው። ያኔ በየትኛው አፌ?» ቀደም ብሎ ተከታትለው ተሸንፈው ነበርና እውነቱን ነው። እኔ ኳስ ጸሎት አይገባትም እየተባለ ጊዮርጊስ ተሳልሁ። ምን እንደተሳልሁ አልነግራችሁም።

እሑድ ተሸነፉ።

ሲመለሱ ከአራት ኪሎ ጀምሮ ሰው ግራና ቀኝ ቆሞ ይለክፋቸዋል። ያ ልጅ በሱቃችን ፊት ሲያልፍ አንዱ አራዳ አባቴን፣ «ጋሼ፣ ቁልፎቹን ወደ ኮቱ ይመልሷቸው፤ በረደው!» አለ። ሌላው ቀጠለ፦ «እነሱ በዚፕ ነው የገቡብን!» እሱ ቆቡን አውልቆ ሰላም አላቸውና ወደ ጓሮው ገባ። እራት እናቴ ይዛለት ብትሄድ አልበላም። በፓምፕ ሲነፋ ይሰማ ነበር፤ ኳስ እየነፋ ነው። የተሸነፈ ሰው ኳስ ለምን ይነፋል ብዬ ግራ ገባኝ።

በማግሥቱ ማለዳ ካፊያ ነበር። እናቴ በር ልትከፍት ወጥታ እጇን አፏ ላይ ጭና ተመለሰች።

«መጡ» አለች።

በመስኮት አየሁ። ሦስቱም በነጭ ጋቢ ከኮኩ ሥር ቆመዋል። ከእነሱ ኋላ አጥሩ ጋ ደግሞ የማላውቀው ሰው፣ ግራጫ ካፖርት የለበሰ፣ ትንሽ ሻንጣ የያዘ፣ ዝናቡን ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ተጠግቶ ይሸሻል። የአባቴ ደንበኛ ነው ብዬ አለፍሁት። ዓይኔ ሌላ ሰው የሚያይበት ጊዜ አልነበረም።

አባቴ ወጥቶ «ግቡ እንጂ አባቶቼ፣ ዝናብ ነው» አላቸው። አንገባም አሉ። «ተቀመጡ።» አንቀመጥም አሉ። እኔ ከመስፊያው መኪና ሥር ቁጭ አልሁና የያዝሁትን ጨርቅ አፌ ውስጥ ከተትሁ።

የጓሮዋ በር ተከፈተ። ያ ልጅ ወጣ፤ ጠጉሩን አበጥሯል፣ ጫማውን ወልውሏል፣ ሻንጣው በአንድ እጁ፣ ኳሱ በብብቱ። እነሱ አፋቸውን ሳይከፍቱ እሱ ቀደማቸው።

«አባቶቼ፣ በዚህ ካፊያ ለእኔ ብላችሁ መምጣታችሁ ክብር ነው። አትቸገሩ፣ ገብቶኛል። ፊሽካው ይኸው። ኳሱም ይኸው፤ ነፍቼዋለሁ፣ ለሚቀጥለው ሰው እንዳያስቸግር። ልጆቹን ግን አትቆጧቸው፤ ያልኋቸውን ነው የሠሩት።»

ትልቁ ሽማግሌ ኳሱን ተቀበሉት። እንደ ሕፃን አቀፉት። «ልጄ፣ ኳስ…» አሉና ቆሙ። እሱን አዩ። ወደ መስኮቱ አዩ። እንደገና ኳሱን አዩ። የኬክ ቤቱ ባለቤት «ድቡልቡል…» ብሎ ሊያስታውሳቸው ሞከረ።

«ምን ድቡልቡል ትለኛለህ አንተ!» ብለው ጮሁበት። ከዚያ ወደ ልጁ ዞረው፣ «ሻንጣህን አስቀምጥ! ማን ወዳንተ መጣ አለህ? የመጣነው ወደ ባለቤቱ ነው» አሉ። ኳሱን እንዳቀፉ ወደ አባቴ ሁለት እርምጃ ሄዱ። «ወንድሜ፣ የቆምነው ለጋብቻ ነው። ልጅህን ለዚህ ልጅ እንድትሰጠን ብለን ነው።»

መሪጌታው ሳል ያዛቸው። የኬክ ቤቱ ባለቤት አፉን ከፍቶ ቀረ፤ እኔ ብርዱ መስሎኝ ነበር። ያ ልጅማ ሻንጣውን እግሩ ላይ ጣለው።

አሁን አስቡት፤ ለጋብቻ የሚመጣ ሽማግሌም እኮ በማለዳ ነው የሚመጣው። እሱም ነጭ ይለብሳል። ጉዳዩ ሳይፈጸም እሱም አይቀመጥም፣ እሱም አይቀምስም። ለመርዶ የቆመና ለምሥራች የቆመ ሰው አቋሙ አንድ ነው። ስለዚህ እናቴ ወዲያው «እልል!» ብላ ጎረቤት ልትጠራ ነበር፤ አባቴ በዓይኑ ያዛት።

«ልጁ ሥራ አለው?» አለ አባቴ፣ እንደ ልማዱ።

«አለው እንጂ! የቡድናችን አሰልጣኝ አይደለም እንዴ?»

«ትናንት ተሸነፈ ሲሉ ሰማሁ።»

«መሸነፍ ያለ ነው።»

«እኔ ኳስ አላውቅም። ለአንድ ነገር ብቻ መልሱልኝ። ሥራው ይቀጥላል ወይ? ሽማግሌ ሆናችሁ የቆማችሁለት እናንተ ናችሁ፤ ዋሶቹም እናንተ ናችሁ።»

ትልቁ ሽማግሌ ኳሱን ከአንዱ ብብታቸው ወደ ሌላው አዛወሩ። «ይቀጥላል።»

«መሪጌታ፣ እርስዎስ?»

«ይቀጥላል… የጊዮርጊስ ፈቃዱ ከሆነ።»

አባቴ ወደ ሦስተኛው ዞረ። የኬክ ቤቱ ባለቤት ሰማይ ሰማይ አየ፤ ካፊያው ፊቱ ላይ ወረደ። «ይቀጥል እንግዲህ፣ ምን ይደረጋል!» አለ።

በወጉ አባቴ «ሂዱና ተመካክሬ ልመልስ» ማለት ነበረበት። እናቴ ግን፣ «በዚህ ዝናብ የቆመ ሽማግሌ ሂድና ተመለስ ይባላል? ግቡ!» ብላ ገፍታ አስገባቻቸው። አጥሩ ጋ የቆመውንም ሰው፣ «አንተስ ሰውዬ፣ እዚያ ምን ገተረህ? ለሁሉም ይበቃል!» አለችው። ገባ። ዳቦና ማር ቀረበ። ያ ግራጫ ካፖርት የለበሰ ሰው ጠረጴዛው ላይ የቀሩትን ቁልፎች ብዙ ጊዜ ሲያይ አስታውሳለሁ። አንዱን ነጭ ቁልፍ በጣቱ ጠጋ አደረገው። ሲወጣ ያንን ልጅ ትከሻውን መታ አድርጎ «በርታ ወንድሜ» አለው። የሽማግሌዎቹ ዘመድ ነው ብለን ተውነው።

ማታ ያ ልጅ ቀስ ብሎ ጠየቀኝ። «እኔ ሽማግሌ አልላክሁም። አንቺ ነሽ?»

«እኔ? ሴት ልጅ በምን ወጓ!»

«እንግዲያው እናትሽ ናቸው» አለ። እናቴን ስንጠይቃት «እኔ አይደለሁም» ትልና ትሥቃለች፤ የምትሥቀው ደስ ስላላት ነው፣ እሱ ግን ስለሸሸገች ይመስለው ነበር። አብረን ባረጀንበት ዘመን ሁሉ ለእናቴ ልዩ ምስጋና ነበረው። ገና በሩቅ ሲያያት ይነሣላት ነበር። እናቴ ደግሞ «አማቱን እንዲህ የሚወድ ሌላ አማች አሳዩኝ» ትላለች፤ አሳሳቋ!

አያታችሁ ማለት እሱ ነው። ዋንጫ አነሣ ብዬ አልዋሻችሁም። አንዳንዴ አሸነፈ፣ አንዳንዴ ተሸነፈ፤ የገረመን ግን ምንም ያህል ቢሸነፍ ሽማግሌ ወደ ጓሯችን አለመምጣቱ ነው። የኬክ ቤቱ ባለቤት ሜዳ ዳር ጸጉሩን ይነጫል እንጂ አንዲት ቃል አይተነፍስም። በመጨረሻ ጉልበቱ እንቢ ሲለው ራሱ ሄዶ አሰናብቱኝ አላቸው፤ በጠራራ ፀሐይ፣ ተቀምጦ፣ እየበላ። ይህንንም ያደረገ የመጀመሪያው አሰልጣኝ እሱ ነው።

እሱ ካረፈ በኋላ ብዙ ቆይቶ፣ ትልቁ ሽማግሌ ታመዋል ሲሉኝ ልጠይቃቸው ሄድሁ። ከሦስቱ የቀሩት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ዓይናቸው ደክሟል፤ በድምፄ ለዩኝና እጄን ያዙ።

«ልጄ፣ ይዤው እንዳልሄድ አንድ ነገር ልንገርሽ። ያን ቀን ለአንቺ አልመጣንም።»

«ታዲያ ለምን መጣችሁ አባባ?»

«ልናሰናብተው ነዋ! ግን ኳሱን ነፍቶ ሲሰጠኝ ምላሴ ተሳሰረ። ባዶ ኳስ ቢሰጠኝ እኮ አባርረው ነበር። ሌላ የምለው ሳጣ ሱሪዬን ልለካ ስመጣ ያየሁት ትዝ አለኝ፣ የእናንተ የቁልፍ ጨዋታ። ያንኑ ተናገርሁ። አባትሽ ደግሞ ይቀጥላል ወይ ብሎ ሦስታችንን በአንድ ገመድ አሰረን። ዋስ የሆንሁለትን ሰው እንዴት አድርጌ ላባርር? የኬክ ቤቱ ሰውዬ እስከ ፋሲካ አኩርፎኛል።»

ሣቅሁ፤ አለቀስሁም። ከዚያ ያ ግራጫ ካፖርት ትዝ አለኝና፣ «አጥሩ ጋ ቆሞ የነበረው፣ ከእኛ ጋር ማር የበላውስ ማን ነበር?» አልኋቸው።

«እሱማ ከደሴ ያስመጣነው አዲሱ አሰልጣኝ ነበር» አሉኝ። «ክፍሏን ልናሳየው ይዘነው መጥተን ነው። በዚያው ቀን አውቶቡስ ተሳፍሮ ወደ አገሩ ተመለሰ።»